ተልባ የጠጣ ጎማ

ሞተር መንዳት የወደድሁት ከሰው ጋር ስለማያነጋግር ነው። በእግርሽ ስትሄጂ መንገድ ላይ ያገኘሽ ሁሉ ያስቆምሻል። እናትሽ እንዴት ናት፣ ላሟ ወለደች ወይ፣ ያች የታመመችው አክስትሽ ተሻላት ወይ ይልሻል። አንገትሽን ደፍተሽ ለሁሉም «እግዚአብሔር ይመስገን» እያልሽ ትቆሚያለሽ። ሞተር ላይ ግን ድምፁ አለ። እጅሽን አንስተሽ ታልፊያለሽ፤ ሰውም «አልሰማችኝም» ብሎ ይቅር ይልሻል። ሄልሜቱ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ጥቁር መስታወቱን ወደ ታች ስመልሰው እኔ ዓለምን አያታለሁ፣ እሷ አታየኝም። ሱቅ ስገባ እንኳ አላወልቀውም ነበር። ሳሙና ስጠይቅ ባለሱቁ ክብሪት ይሰጠኛል፤ እኔም ክብሪቱን ይዤ እወጣለሁ። ቤታችን ክብሪት ሞልቶ ነበር።

ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምሁት ሰባተኛ ክፍል ያለበት ትምህርት ቤት ሩቅ ስለነበር ነው ይባላል። እኔም ስጠየቅ እንዲያ እላለሁ። ግን እዚያ ተማሪው ተራ በተራ እየወጣ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ይናገራል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ የባሰ ራቀብኝ።

ቤታችን ከዳባት ወደ ደባርቅ ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብሎ ነው። ሞተሩ የታላቅ ወንድሜ ነበር። ጎንደር ሚኒባስ ላይ ሥራ ሲያገኝ ለእኛ ትቶልን ሄደ። አባቴ ሊሸጠው አስቦ ነበር፤ ወንድሜ ግን ከመሄዱ በፊት ከቤታችን ጀርባ ባለው የግጦሽ ሜዳ ላይ አስተምሮኝ ስለነበር፣ አንድ ጠዋት የእናቴን ገብስ ጭኜ ደባርቅ ወፍጮ ቤት ሄድሁ። በእግርና በአህያ ቀኑን ሙሉ የሚፈጀው ዱቄት ለምሳ ደረሰ። በማግሥቱ ጎረቤቶቻችን ስልቻቸውን ይዘው ደጃችን ላይ ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ያ ሆነ፤ የሴቶቹን እህል አድርሼ ዱቄት መመለስ። ስልቻው የተሰፋበትን ክር አይቼ የማን እንደሆነ ስለማውቅ መጠየቅ እንኳ አያስፈልገኝም። እንዲህ ያለ ለእኔ የተፈጠረ ሥራ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ጠላቴ ጎማ ነው።

በእኛ አገር አጥር ማለት እሾህ ነው። ገበሬው ቀጋውንም ግራሩንም ቆርጦ፣ በገመድ አስሮ፣ መንገድ ለመንገድ እየጎተተ ወደ ማሳው ይወስዳል፤ በሄደበት ሁሉ እሾህ እየዘራ ያልፋል። በሬው ሰኮና አለው፣ ሰው ጫማ አለው። የእኔ ጎማ ምንም የለው።

ጎማ ሲተነፍስብኝ የሚያስጨንቀኝ መጠገኑ አይደለም፤ ሰው ነው። ያ ባዶ የነበረ ሜዳ፣ ሞተሩ ገና ከመቆሙ ሰው ያበቅላል። አንዱ ይመጣና ጎማውን በእግሩ መታ ያደርገዋል። ሌላው «ንፋሱ ወጥቷል» ይላል፤ ይኼን ሳይል የሄደ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ከዚያ ወደ እኔ ይዞራሉ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

እናገራለሁ። ድምፄ ግን ሄልሜቱ ውስጥ ይቀራል።

«ማን አለች?»

«እንጃላት። አንች ልጅ፣ እስቲ ያንን ድስት አውልቂና ተናገሪ።»

አወልቃለሁ፤ እንደገና እናገራለሁ። ከአባቴ ወደ አያቴ፣ ከአያቴ ወደ ቅድመ አያቴ ይወጣሉ። እዚያ ላይ ሲደርሱ ከመካከላቸው አንዱ ዘመዴ ሆኖ ይገኛል። ዘመድ ከሆነ በኋላ ደግሞ ይቆጣኛል። «የእኛ ልጅ ሆነሽ ምን ልትሠሪ ብረት ላይ ወጣሽ?»

ከሁሉ የከፋው በነሐሴ የሆነው ነው። የኋላው ጎማ ከቤታችን ሩቅ ሳለሁ ተነፈሰ። ዝናብ እየጣለ ነበር። ከአረም የሚመለሱ ሰዎች ከበቡኝ። እኔ እየገፋሁ ለመውሰድ አስቤ ነበር። ከእነሱ ውስጥ ደባርቅ ብዙ የተመላለሱ አንድ ሽማግሌ ግን «በተኛ ጎማ ከተገፋ ቸርኬው ይበላል፤ ብረቱ ተጣሞ ይቀራል» አሉ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«መሸከም ነዋ። ቃሬዛ አምጡ።»

ቃሬዛ ሕመምተኛ ወደ ጤና ጣቢያ የምናደርስበት ነው፤ በሁለት ረዣዥም እንጨቶች መካከል ጠፍር የተጠለፈበት። እኔ «ኧረ አያስፈልግም» ለማለት አፌን ስከፍት ሞተሩ ትከሻ ላይ ወጥቶ ነበር። ዝናብ እንዳይመታው ደግሞ አንዱ ደግ ሰው ጋቢውን አውልቆ ከላይ እስከ ታች አለበሰው።

በእኛ አገር ቃሬዛ ያየ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም። ሥራውን ጥሎ ይመጣል፣ ትከሻውን ያስገባል፣ የደከመውን ያሳርፋል። የተተካው ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ አዲሱ ይቀጥላል። ስለ ሕመምተኛው ጮክ ብሎ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው። እንዲህ እየተተካኩ፣ ወደ ሰፈራችን ስንቃረብ ከተሸካሚዎቹ ውስጥ የተሸከመውን የሚያውቅ አንድም አልቀረም።

እኔ ሄልሜቴን አቅፌ፣ አንገቴን ደፍቼ ከኋላ እከተላለሁ። አንዲት ሴትዮ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«አይዞሽ ልጄ። እሱ ያውቃል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኋት።

«ማን ነው?» ብላ ሌላዋ በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

«እኔስ ምን አውቄ? እሷን ተመልከቻት፤ መናገር እንኳ አቅቷታል።»

ከዚያ አንዷ ማልቀስ ጀመረች። አንዷ ከጀመረች ሌሎቹ አይቀሩም። ልንገራቸው እፈልግ ነበር፤ ግን ያን ሁሉ የሚያለቅስ ሰው አስቁሞ «ሞተር ነው» ማለት እንዴት ይቻላል? ቀደም ብሎ መነገር ነበረበት፤ ቀደም ብሎ ደግሞ አፍሬ ነበር።

አባቴ ማሳ ውስጥ ነበር። ሞተር የምትነዳ ልጅ ያለችው ሰው፣ ቃሬዛ በለቅሶ ታጅቦ ወደ ቤቱ ሲመጣ ምን እንደሚያስብ መናገር አያስፈልግም። የያዘውን ጥሎ እየሮጠ ደረሰ። ተሸካሚዎቹ አወረዱለት። ጋቢውን ገለጠው። የሞተሩ መሪ ብቅ አለ።

አባቴ መሪውን ትኩር ብሎ ተመለከተው። ከዚያ ቀና ሲል ከሰው መሀል እኔን አየኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ያን እንባ እኔ እንዳላየሁ ሆኜ እኖራለሁ፣ እሱም እንዳላነባ ሆኖ ይኖራል። ለቅሶ የደረሰ ሰው ባዶ አፉን አይሸኝምና እናቴ ለእንቁጣጣሽ የጠመቀችው ጠላ በዚያ ቀን አለቀ። ሰዎቹ ጠግበው ሲሄዱ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ማለታቸውን አልተዉም።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ አባቴ ጠራኝ።

«ስሚኝ። እህሉን መመላለስሽን አልጠላሁትም። ግን ከእንግዲህ ጎማ ተነፈሰ ብለሽ አንድ ጊዜ ሰው ከጠራሽ፣ በሚቀጥለው ገበያ ሞተሩ ይሸጣል። ጨርሻለሁ።»

አልጠራኋቸውም፣ ራሳቸው ናቸው የመጡ ልለው ፈልጌ ነበር። «እሺ አባባ» አልሁ።

ከዚያ ወዲያ ሞተሩ ላይ የምቀመጠው እንደ እንቁላል ሻጭ ነው። እሾህ ያለ በመሰለኝ ቁጥር እየወረድሁ መንገዱን በእግሬ እጠርጋለሁ። ወፍጮ ቤት የምደርሰው ከአህያ እኩል ሆነ።

ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ጎሚስታ ጎማ ከመጠገን ወሬ ማውራት ይበልጥበታል። መልስ ስለማይፈልግ ግን ከእሱ ጋር አልቸገርም። አንድ ቀን «ዛሬ ደግሞ ምን ወጋሽ?» ብሎ ንፋስ የሚይዘውን የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪውን፣ ከጎማው ውስጥ ሲያወጣ፣ ስለ አባቴ የነገረው ሰው ነበር መሰለኝ፣ ከመደርደሪያው አንድ ላስቲክ ጠርሙስ አወረደ። ውስጡ የጎመን ጭማቂ የመሰለ አረንጓዴ ወፍራም ፈሳሽ ነው።

«ይኼ ደም ነው» አለኝ። «ጣትሽን ቢላዋ ሲቆርጥሽ ደሙ ይፈሳል፣ ከዚያ ይረጋል፣ አይደለም? ጎማ ግን ደም የለውም፤ ለዚያ ነው በአንድ እሾህ የሚሞተው። እኔ ደም እሰጠዋለሁ።»

«ይኼ ሁሉ ጎማ መተንፈሱን ከተወ አንተ ምን ትበላለህ?» አለው አጠገባችን ተራ የሚጠብቅ ባለሞተር።

«ደም እሸጣለኋ።»

ንፋስ የሚገባበትን ቫልቭ ፈታ፣ ፈሳሹን በቀጭን ቱቦ አስገባ፣ ጎማውን ነፋ። ከዚያ ምንም ሳይለኝ ምስማር አነሳና በመዶሻ ጎማዬ ላይ መታው። ምስማሩን ሲነቅለው ንፋሱ ጠሽ አለ፣ አረንጓዴ አረፋ ወጣ፣ ጎማውን አዞረው፣ ቆመ። ምራቁን ቀብቶ አሳየኝ፤ ምንም አይተነፍስም።

«ነገሩ መዞሩ ላይ ነው» አለ። «ሞተሩ ቆሞ ከዋለ ፈሳሹ ታች ይተኛል። ሲዞር ነው ውስጡን የሚቀባው። መሬት የሚረግጠው ላይ ነው የሚሠራ፤ ጎኑን ከተወጋሽ እኔ የለሁበትም።»

ያ መስከረም የሕይወቴ ደግ ወር ነበር። ጎማዬ እንደ ጃርት እሾህ ለብሶ ይመለሳል፤ ንፋሱ ግን እንዳለ ነው። ማታ ማታ በፒንሳ እሾሁን እየነቀልሁ፣ ጠሽ ሲል በእጄ አዞረውና ዝም ሲል እሰማዋለሁ። ሰው አይመጣም። ዘመድ አይገኝም። አንዳንዴ ለብቻዬ እስቅ ነበር።

ፈሳሹ ግን ውሎ ሲያድር ይደርቃል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጎማው እንደገና መላላት ጀመረ። ወደ ጎሚስታው ሄድሁ። «ከጎንደር የሚያመጣልኝ ሰው ለፋሲካ ነው የሚመጣው፤ እስከዚያ ጸልይ» አለኝ። ከወንድ ደንበኞቹ ጋር አሳስቶኝ ነው፤ ሄልሜቱን አላወለቅሁም ነበር።

አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው። በወጣትነቱ በሊማሊሞ መንገድ የሚመላለስ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ሊማሊሞ በወሬ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ አጎቴ እስከ ዛሬ ሜዳ ባደረገው ነበር። ባዶውን ጠርሙስ ከእጄ ተቀበለኝ። አሸተተው። ጠብታውን በሁለት ጣቶቹ መካከል አሽቶ ወደ ብርሃን ዘረጋው፤ ተሳበ።

«ይኼማ ተልባ ነው» አለ።

«አረንጓዴ ነው እኮ ጋሼ።»

«ቀለም ቀብተውት ነዋ። እኛ ራዲያተር ሲያፈስብን ምን እናደርግ ነበር መሰለሽ? ተልባ። አዲ አርቃይ እስክንወርድ ጠብ አይልም። ያኔ ጠርሙስ ውስጥ ከትተን ብንሸጠው ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቀመጥም።»

እናቴ «የጾም ተልባዬን ለብረት?» አለች። ግን ወንድሟን እምቢ ማለት አትችልም። ተልባው ተወቀጠ፣ በለብ ያለ ውሃ ተዘፈዘፈ፣ ባሮጌ ነጠላ ተጠለለ። አጎቴ ቀዳዳ ላይ እንዲጠመጠም ብሎ የተባዘተ ጥጥ ጨመረበት። ጎሚስታው ሲሠራ አይቼ ስለነበር ቫልቩን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ ከእንስሳት ሐኪም ባስቀረነው ትልቅ መርፌ እየቀዳ ያስገባው አጎቴ ነው። እናቴ ሳህን ይዛ ቆማለች።

«ጨው አያሻውም?» አለች። ከልቧ ነው።

ሠራ። እኔም አላመንሁም፣ ግን ሠራ። ቀጋው ይወጋል፣ ተልባው ዝልግልግ ብሎ ብቅ ይላል፣ ይደፈናል። አጎቴ ከዚያ ወዲያ የማይቻል ሰው ሆነ። ጠዋት ጠዋት ጎማውን በዱላው መታ መታ እያደረገ «ደህና አደርህ?» ይለዋል።

በጋው እየከረረ ሲሄድ ሁለት ነገር አስተዋልሁ። አንደኛ፣ ጎማው ሳልነፋው ይጠነክራል። ሁለተኛ፣ ቫልቩን ነካ ሳደርገው የሚወጣው ንፋስ ቅራሪ ቅራሪ ይሸታል፤ ጠላው ካለቀ በኋላ ጋኑ ውስጥ ውሃ ተጨምሮበት የሚቀዳው ዓይነት። ለአጎቴ ነገርሁት።

«ራሱን በራሱ ይነፋል ማለት ነው» አለ። «ፈረንጅ እዚህ አልደረሰም።»

አባቴ በአካባቢያችን የታወቀ አስታራቂ ነው። አንድ ረቡዕ ዳባት ውስጥ በድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ለመሸምገል ተጠራ። አስፋልቱ ላይ ሲጠብቅ ቆየ፤ ከደባርቅ የሚመጡት ሚኒባሶች ሁሉ ሰው ጢም ብሎባቸው አለፉት። ሰዓቱ ሲደርስበት ወደ ቤት ተመለሰና ሞተሩን ዙሪያውን እየዞረ አየው። አንድም ቀን ተቀምጦበት አያውቅም።

«ጎማው እንዴት ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው አባባ።»

ታጥቦ የተተኮሰ ጋቢውን ለብሶ፣ ዣንጥላውን በብብቱ ሸጉጦ ከኋላዬ ወጣ። ልጁን ማቀፍ ስላሳፈረው የመቀመጫውን ብረት በሁለት እጁ ጨበጠ። «ቀስ» አለኝ። ይችን ቃል ዳባት እስክንገባ እንደ ዳዊት ደገማት።

ከተማው መግቢያ ላይ ቤት የሚከድኑ ሰዎች ነበሩ፤ የቆርቆሮ ምስማር መንገድ ላይ ተበትኗል። አየሁት፤ ግን ዘግይቼ ነው። የኋላው ጎማ ጠሽ ሲል በመቀመጫዬ ተሰማኝ። ሞተሩ ወገቡን ጣለ። መንዳቱን ግን አላቆምሁም፤ ነገሩ መዞሩ ላይ ነው ተብያለሁ። ትንሽ ተወዛወዝን፣ ትንሽ ሄድን፣ ከዚያ ጎማው ያዘ። ላላ ያለ ነው፣ ግን ቆሟል። አባቴ ምንም አላወቀም። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ወይራ ሥር አደረስሁት። ወረደ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ «ጎበዝ» አለኝ። እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ፤ ጀርባውን አየሁት።

የኋላው ጭቃ መከላከያ በስልቻ ብዛት ከተሰበረ ቆይቷል። የአባቴ ጋቢ ከወገቡ እስከ ትከሻው ተልባ ነው፤ ቡናማ፣ ዝልግልግ፣ እየተሳበ የሚወርድ። የሰነበተ ቅራሪ ሽታው እኔ ጋ ድረስ ይመጣል። ቀኑ ረቡዕ፣ ጾሙ ዐቢይ ጾም፣ ሰዓቱ ገና ረፋድ።

ሞተሩ አጠገብ ቆሜ አሰብሁ። ጎማው አልሞተም። ሰው አልተጠራም። ዝም ካልሁ ሞተሩ የእኔ ነው። ዝም ማለት ደግሞ ከተፈጠርሁ ጀምሮ የማውቀው ሥራ ነው።

አባቴ ከአንድ አዛውንት ቄስ አጠገብ ተቀመጠ። መምሬ ሰላምታ ሰጡት፣ አፍንጫቸውን ነካ አደረጉ፣ ትንሽ ፈቀቅ አሉ። ከወዲያ በኩል ያለውም ሽማግሌ ፈቀቅ አለ።

«መንገዱ ደህና ነበር?» አሉ መምሬ።

«ደህና ነበር፣ ይመስገነው።»

«መቼም ርቀት አለው። አረፍ ያሉበት ቤት ነበር?»

«የምን ማረፍ? በቀጥታ ነው የመጣሁ።»

«እንዲያው ደክሞዎት እንደሆነ ብዬ ነው።»

ከተጣሉት ወንድማማቾች ታናሹ ግን ሽማግሌ አይደለም፤ መሸፋፈን አያውቅም። «እኔ በጾም ጠጥቶ በመጣ ሰው አልዳኝም» አለ።

አባቴ ቀስ ብሎ ተነሳ። «ማን ነው የጠጣው?» አለ። ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞረ፤ ቀኝ እጁን አነሳ። ሊምል ነው። ጀርባው እንዲያ እየሸተተ ከማለ፣ በዚያ አገር አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በሐሰት የማለ ሽማግሌ ይባላል።

እግሬ እንዴት እንደሄደ አላውቅም። መሀላቸው ቆሜ ተናገርሁ። ማንም አልሰማኝም፤ ሄልሜቱን አላወለቅሁም ነበር። አወለቅሁት።

«ጎማው ነው» አልሁ። «የጠጣው ጎማው ነው።»

«ልጄ» አሉ መምሬ በርኅራኄ፣ «ጎማ ይጠጣል?»

ነገርኋቸው። ስለ እሾሁ፣ ስለ አረንጓዴው ፈሳሽ፣ ስለ አጎቴ ተልባ፣ ስለ ምስማሩ። ያን ያህል ረዥም ንግግር ከዚያ በፊት ተናግሬ አላውቅም፤ ከጨረስሁ በኋላ መሬቱ ትንሽ ዞረብኝ። አባቴ እጁን ወደ ጀርባው ላከ፣ ጣቱን አየ፣ አሸተተ። መምሬም ከጋቢው ጠብታ ነካ አድርገው አሸተቱ።

«ተልባ ነው» አሉ። «የከረመ ተልባ ነው እንጂ መጠጥስ አይደለም።»

«ተልባ ከሆነማ ጾም አያስፈታ» አለ አንዱ። ሳቅ ሆነ።

ከዚያ ሸንጎው ሁሉ ተነስቶ ሞተሩን ከበበው። ጎማውን በእግራቸው መቱት። አንዱ «ትንሽ ንፋስ ወጥቷል» አለ። እንዴት እንደሚደፈን ማየት ስለፈለጉ ታላቁ ወንድም ሞተሩን ከኋላ ብድግ አድርጎ ያዘ፣ ታናሹ ጎማውን አዞረ። ቀዳዳው ላይ ጥጥና ተልባ ተጠምጥሞ ይታያል።

አባቴ ግን አልሳቀም። «እንግዲህ ጎማው ተወግቷል፣ ሰውም ተሰብስቧል» አለ። «ከልጄ ጋር ውል አለን። ሞተሩ ይሸጣል።»

«የምን ውል?» አሉ መምሬ። አባቴ ተናገረ፤ ቃሬዛውንም ሳይቀር። ወንድማማቾቹን ትተው የእኛን ነገር ማየት ጀመሩ።

«ያሉት ሰው ከጠራች ነው። ጠራች?» አሉ መምሬ።

«ኧረ አልጠራችም። እኛ ነን የመጣን» አለ አንዱ።

«ብትጠራስ ማን ይሰማታል?» አለ ታላቁ ወንድም።

«ዋናው መሰብሰቡ ነው» አለ አባቴ። «ነገም ይወጋል፣ ነገም ይሰበሰባል።»

መምሬ ጢማቸውን ዳሰሱ። «መልካም። አባትም እንዳይሰጋ፣ ልጅም እንዳታዝን፣ ለወደፊቱ ዋስ ትጥራ። ዋስ ከጠራች ሞተሩ ይቆይ። አንች ልጅ፣ ዋስ ጥሪ።»

ሄልሜቴን አቅፌ ቆምሁ።

«ጥሪ እንጂ። ይኼ ሁሉ ሰው አለ።»

«አልችልም» አልሁ።

«ለምን?»

«ሰው ከጠራሁ ይሸጣል።»

መጀመሪያ የሳቁት መምሬ ናቸው። ከዚያ ሌሎቹ። ታናሹ ወንድም የሞተሩን መቀመጫ ተደግፎ ሳቀ። እኔ ለማሳቅ ብዬ አልነበረም፤ ውሉ እንዲያ ስለሚል ነው። አባቴ መሬት መሬት እያየ ነበር።

«እንግዲህ ሳይጠራ የሚመጣ ዋስ አለ ወይ?» አሉ መምሬ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ታላቁ ወንድም አፉን ሊከፍት ሲል አባቴ እጁን አነሳ።

«አለ። እኔ ነኝ።»

«አንቱ ከሳሽ ነዎት እኮ።»

«ከሳሽም ነኝ፣ ዋስም ነኝ። ልጅቱ የእኔ፣ ሞተሩ የእኔ፣ ጋቢውም የእኔ። ማን ምን ይለኛል?»

የወንድማማቾቹ ድንበር በዚያ ቀን አላለቀም፤ ለሌላ ረቡዕ ተቀጠረ። ጎማው ላይ ግን ሁለቱም አንድ ሐሳብ ነበራቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ስልቻ ስጭን አባቴ መጥቶ የኋላው ጎማ አጠገብ ቁጢጥ አለ። በግ ሲገዛ ወገቡን እንደሚዳብሰው ጎማውን በአውራ ጣቱ እየተጫነ ዙሪያውን ዳበሰው።

«ምን ፈለግህ?» አለው አጎቴ ከበሩ ላይ ሆኖ።

«ዋስ የሆነ ሰው የገባበትን ማወቅ አለበት» አለ አባቴ። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብሎ «ከፊተኛው ይኼኛው ጠንከር ብሏል፤ ንፋስ ነው ወይስ ተልባው ነው?» አለኝ።

«ተልባው ነው አባባ።»

«ትንሽ አስተንፍሽው።»

ቫልቩን ነካ አደረግሁት። ሽታው ወጣ። ፊቱን ወደ ወዲያ አዙሮ እስኪበቃው ጠበቀ፣ እንደገና በጣቱ ተጫነው፣ ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ።

«አሁን ሂጂ» አለኝ። ሄድሁ።